አፌ አልከፈት ብሎኝ አማቴን አስቀየምኩ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤ ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ለራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 34 ነው፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጆሮ ሕመም ነው። ኅዳር ላይ ግራ ጆሮዬን ሲወጋኝ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ጠብታና የሚዋጥ መድኃኒት ሰጡኝ። አልተሻለኝም። ሌላ ቦታ ሄጄ ሌላ ጠብታ ታዘዘልኝ። ቀጥሎ «ከጥርስ ነው» ተባልኩና በግራ በኩል ያለውን የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሴን አስነቀልኩ። ሕመሙ ግን አልሄደም። አሁን አፌን ስከፍት ጆሮዬ ሥር «ቋ» ይላል። ጠዋት ስነሳ አገጬ የእኔ አይመስለኝም። ቢሮ ስውል ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ወደ ጆሮ ግንዴና ወደ ማጅራቴ ይዛመታል።

ባለቤቴ ሌሊት ጥርሴን እንደማፋጭ ነግሮኛል። መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ አሁን እንቅልፍ ስላጣ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀምሯል። «ውስጥሽ ያለውን ንገሪኝ» ይለኛል። ምን ብዬ ልንገረው? ሥራ ነው እንዳልል ሁሉም ይሠራል። አብራኝ ትሠራ የነበረችው ልጅ ጥቅምት ላይ ከለቀቀች ወዲህ የሁለት ሰው ሥራ እየሠራሁ ነው። አለቃዬ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይደውላል። አንድ ቀን እንኳ «አልችልም» ብዬ አላውቅም፤ ጥርሴን ነክሼ ነው የማልፈው።

ያሳፈረኝ በፋሲካ የሆነው ነው። አማቴ ቤት ተሰብስበን በላን፤ እሳቸውም ጠቀም ያለ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ እኔ ዘረጉ። አፌ አልከፈት አለኝ። ደንግጬ ፊቴን አዞርኩ። ሰው ሁሉ እያየ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ደውለውልኝ አያውቁም።

አሁን ግራ ገብቶኛል። አንድ የጥርስ ክሊኒክ «የጥርስሽ አገጣጠም ትክክል ስላልሆነ ተሞርዶ ክራውን (የጥርስ ሽፋን) መግባት አለበት» ብሎኛል፤ ዋጋው ለቤት ብለን ያጠራቀምነውን ገንዘብ ግማሹን ይወስዳል። እናቴ «መንጋጋሽ ወልቆ ነው፤ ወጌሻ ይመልሰዋል» ትላለች። እኔ ደግሞ ሥራውን ለቅቄ መገላገል ያምረኛል። ለገና አንድ ሳምንት ደብረ ብርሃን እናቴ ጋር ስቆይ መንጋጋዬ ትዝም አላለኝ፤ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ግን ጀመረኝ። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ በየቀኑ እየወሰድኩ ጨጓራዬንም አስቆጥቼዋለሁ። ምን ይሻለኛል?

ጉርሻ የምሸሸው፣ ከአዲስ አበባ

*

እህቴ፣ «እጃቸው አየር ላይ ቀረ» የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ከሕመሙ ይልቅ የቆረጠመሽ ይኼ እንደሆነ ገባኝ። ወደ አማትሽ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን ጊዜ የማይሰጠውን ልንገርሽ፦ ለጥርስ መሞረጃው ቀጠሮ ይዘሽ ከሆነ አራዝሚው። የተሞረደ ጥርስ አይመለስምና፣ የገንዘቡም ነገር ስላለ፣ አንድ ወይም ሁለት ወር መቆየቱ አይጎዳሽም።

ሐኪም አይደለሁምና ሕመምሽ ይህ ነው ብዬ አልፈርድም። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ሳነበው ግን አንቺ ሳታገናኚያቸው ያለፍሻቸው ቀኖች አሉ። ጥቅምት ላይ ባልደረባሽ ለቀቀች። ኅዳር ላይ ጆሮሽ ታመመ። ለገና ደብረ ብርሃን ሄድሽ፤ ሕመሙ ጠፋ። አዲስ አበባ በተመለስሽ በሁለተኛው ቀን ተመለሰ። የጆሮ ቁስለት ወይም የተበላሸ ጥርስ ቢሆን ኖሮ አብሮሽ ደብረ ብርሃን በሄደ ነበር። እስቲ አስታውሺ፤ እናትሽ ጋር ሳለሽ ስንት ሰዓት ትተኚ ነበር? ስልክሽስ ማታ ማታ ክፍት ነበር?

አሁን ሌባ ጣትሽን ከጆሮሽ ቀዳዳ ትንሽ ወደ ፊት አድርጊና አፍሽን ቀስ ብለሽ ክፈቺ፣ ዝጊ። ከጣትሽ ሥር የሚንቀሳቀሰው የመንጋጋሽ መገጣጠሚያ ነው። እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፤ አፍ ሰፋ ሲል ደግሞ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሆነች ለስላሳ ነገር አለች። እሷ ከቦታዋ ፈቀቅ ብላ ስትመለስ ነው ብዙ ጊዜ «ቋ» የሚለው። ድምፁ ብቻውን፣ ሕመም ከሌለበት፣ ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ ያለ ነገር ነው፤ ሕክምናም አይፈልግም። መገጣጠሚያው ከጆሮ ጋር ጎረቤት ስለሆነ ደግሞ የእሱ ሕመም ጆሮ ውስጥ ያለ ይመስላል። በጠብታ የተመላለስሽው ለዚህ ይሆናል። ያከሙሽን ሰዎች አልወቅስም፤ በዚህ ሕመም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ጆሮ ሐኪም ዘንድ ነው።

አንቺ ብቻ እንዳልሆንሽም እወቂ። የአሜሪካ መንግሥት የጥርስና የፊት ጤና ምርምር ተቋም የመንጋጋ መገጣጠሚያና የማኘኪያ ጡንቻ ችግር ከ5 እስከ 12 በመቶ የሚሆነውን ሰው እንደሚይዝ ይገልጻል። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል፤ የሚበረታውም በሽምግልና ሳይሆን ሰው በሥራ በሚሮጥበት ዕድሜ ነው። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ መንጋጋቸውን የማያማቸው ከ2,700 በላይ ጎልማሶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ነበር። ሕመሙ አዲስ የጀመራቸው ሰዎች ምን ነበረባቸው ተብሎ ሲታይ፣ እንቅልፋቸው እየተበላሸ የመጣ፣ ጭንቀት የበዛባቸው፣ ሌላም የሰውነት ክፍላቸውን የሚያማቸው ሰዎች ጎልተው ወጡ። እንቅልፉ የሚበላሸው ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት መሆኑ ነው እኔን የገረመኝ። አንድ ምክንያት ብቻ ተለይቶ አልተገኘም፤ ብዙ ትንንሽ ነገር ተደራርቦ ነው።

«ጥርሴን ነክሼ ነው የማልፈው» ብለሻል። እኛ ቋንቋ ውስጥ ይህ የምስጋና ቃል ነው፤ እናቶቻችን ስንቱን ጥርሳቸውን ነክሰው አሳልፈዋል። አንቺ ግን በእውነትም እየነከስሽ ይመስለኛል፤ ሌሊት ብቻ ሳይሆን ቀንም። የላይና የታች ጥርስ ስናኝክና ስንውጥ የሚነካካው ሁሉ ቢደመር በቀን ከ20 ደቂቃ ብዙም እንደማይበልጥ ይገመታል። በቀረው ጊዜ ከንፈር ቢገጠምም ጥርስ ከጥርስ መራቅ አለበት። ሰው ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ፣ ቁጥር አልገጥም ብሎት፣ ጥርሱን ግጥም አድርጎ ሰዓታት ሲቆይ የጉንጩ ጡንቻ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ እንደዋለ ክንድ ይዝላል። ነክሰሽ ጉንጭሽን ብትዳስሺ ጠጥሮ የሚነሳው እሱ ነው። ይህን ስጽፍልሽ የእኔም ጥርስ ተገጥሞ አገኘሁት፤ ሰው አያውቀውም።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ይህን ሞክሪ። ከኮምፒውተርሽ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቀይ ወረቀት ለጥፊ። ዓይንሽ ባረፈበት ቁጥር ጥርሴ የት ነው ያለው ብለሽ ጠይቂ። ተገጥሞ ካገኘሽው «ን» በይ፤ ምላስሽ ከላይኛው የፊት ጥርስሽ ኋላ ያርፋል፣ ጥርስሽ ይላቀቃል። ከዚያ ትከሻሽን ጣል አድርጊና ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። በዚያው ቅጽበት ምን እየሠራሽ እንደነበርም አስተውዪ። ስልክ ሲጠራ ነው? የአንድ ሰው ስም ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ነው? ለሁለት ሳምንት ብትጽፊው ሐኪም ፊት ስትቀርቢ ትልቅ ማስረጃ ይሆንልሻል። ጠዋት ስትነሺ የሚያምሽን ከሰዓት በኋላ ከሚያምሽ ለይተሽ ጻፊ፤ የጠዋቱ የሌሊቱን ማፋጨት፣ የከሰዓቱ የቀኑን ንክሻ ሊጠቁም ይችላል።

ሌላም ላስታውስሽ። ስልክ በትከሻና በጆሮ መካከል ሰክተሽ ትጽፊያለሽ? እስክሪብቶ ትነክሻለሽ? ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ለማባረር ማስቲካ ታኝኪያለሽ? ግራ ጥርስሽን ካስነቀልሽ ወዲህ በቀኝ ብቻ እያኘክሽ ይሆን? ቡናስ ስንት ስኒ ነው? አቦሉን አልከለክልሽም። ማታ ቢሮ አምሽተሽ ለመንቃት የምትጠጪው ግን እንቅልፍሽን ይነካል፤ ቡናም ሲጋራም አልኮልም ከሌሊት ማፋጨት ጋር ተያይዘው ይነሳሉ። ለድብርት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ጥርስ ማፋጨት ያመጣሉ። የምትወስጂው ካለ በራስሽ አታቁሚ፤ ላዘዘልሽ ሐኪም ንገሪው።

ለጥቂት ሳምንታት መንጋጋሽን አሳርፊው። ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ሸንኮራ፣ ጥሬ ሥጋ ይቆዩ፤ ሽሮው፣ ፍርፍሩ፣ ገንፎው፣ በደንብ የበሰለው አትክልት ይበቃሻል። ማታ በሞቀ ውኃ የተነከረ ፎጣ ጨምቀሽ ጉንጭሽ ላይ 15 ደቂቃ ያህል አድርጊ፤ የማያቃጥል ይሁን። ስታዛጊ እጅሽን ከአገጭሽ ሥር ደገፍ አድርጊ። ዳይክሎፌናኩን በተመለከተ ግን ለነገ አትበይው። ጨጓራሽ እየነገረሽ በየቀኑ መቀጠል አንጀት እስከማድማት ሊደርስ ይችላል፤ ሐኪም አማክረሽ ሌላ መፍትሔ ፈልጊ። ሰገራሽ ከጠቆረ ወይም ካስመለሰሽ በዚያው ቀን ሂጂ።

አሁን ወደ ክራውኑ። እ.ኤ.አ. በ1934 ጄምስ ኮስተን የሚባል አሜሪካዊ የጆሮና የአፍንጫ ሐኪም የጆሮና የመንጋጋ ሕመምን ከመንጋጋ ጥርስ መጥፋትና ከጥርስ አገጣጠም ጋር አያይዞ ጻፈ። ለአሥርት ዓመታት ብዙ ጥርስ የተሞረደው በዚያ ሐሳብ ነው። በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን አልደገፉትም፤ የጥርስ አገጣጠም ለዚህ ሕመም ዋና መንስኤ ነው ብሎ ጥርስ መሞረድን የሚያጸና ማስረጃ የለም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣው መመሪያ ለቆየ የመንጋጋ ሕመም በጠንካራው የሚመክረው በባለሙያ የሚመራ የመንጋጋ እንቅስቃሴና ማሳሳብ፣ ፊዚዮቴራፒስት በእጁ ጡንቻውን የሚያሠራበትን ሕክምና፣ ሕመምንና ጭንቀትን ለመቆጣጠር የሚያስተምር የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ከዚህም ጋር ቤት ውስጥ የሚደረግ ልምምድን ነው። አብዛኛው ይህ ነው፤ ርካሽና ሊመለስ የሚችል።

ማታ ጥርስ ላይ የሚጠለቀውን የጥርስ መከላከያም ይጠቁሙሽ ይሆናል። ጥርስሽ በማፋጨት እንዳይበላ ሊከላከል ይችላል፤ ሕመሙን ለማዳን ግን ማስረጃው ደካማ ስለሆነ ተስፋሽን ሁሉ እሱ ላይ አትጣዪ። የምታሠሪ ከሆነ በጥርስሽ ልክ ተለክቶ የሚሠራውንና ማታ ብቻ የሚደረገውን ምረጪ፤ ቀንና ሌሊት ተደርጎ የጥርስሽን አቀማመጥ የሚቀይር ከሆነ ተዪው። ክሊኒኩንም ያለ ጸብ «ይህን ሳላደርግ ብቆይ ምን ይሆናል? ሊመለስ የሚችል ሌላ አማራጭስ አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለተኛ አስተያየት ለማግኘት ወደ መንጋጋና ፊት ስፔሻሊስት ወይም ፊዚዮቴራፒ ክፍል ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ሂጂ።

እናትሽ በፍቅር ነው የምታስበው፤ ወጌሻም በአገራችን ስንቱን ወለምታ አሽቶ መልሷል። ግን መንጋጋ በእውነት ሲወልቅ አፍ ተከፍቶ ይቀራል፤ የሚያቅተው መዝጋቱ ነው። የአንቺ ደግሞ አልከፈት ያለው ነው። ጉንጭሽን በቅቤ ለስለስ አድርጎ ማሸት ያሳርፍሽ ይሆናል፤ ያንንም እናትሽ ራሷ ብታሽሽ ደስ ይላታል። አገጭ ይዞ መጎተትና መጠምዘዝን ግን እንቢ በይ፤ የተቆጣን መገጣጠሚያ ሊያባብሰው ይችላል።

አፍሽን የምትለኪበት ቀላል መንገድ ላሳይሽ። ሌባ ጣትሽን፣ መካከለኛውንና የቀለበት ጣትሽን ደርድረሽ ቁመቱን በፊት ጥርሶችሽ መካከል አስገቢ። ጤነኛ አፍ ሦስቱን ያስገባል፤ በመለኪያ 40 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ነው። የአንቺ ሁለት ብቻ ካስገባ እንዳትፈሪ፤ ግን በግድ ለመክፈት አትታገዪ፣ ለሐኪሙ ንገሪው። አፍሽ ድንገት ተቆልፎ ከቀረ፣ ፊትሽ ካበጠና ትኩሳት ካለሽ፣ ጉንጭሽ ወይም አገጭሽ ከደነዘዘ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። ይህን ለሚያነቡ ትልልቆቻችንም አንድ ነገር ልጨምር፤ ደረጃ ስትወጡ ወይም ስትደክሙ የሚመጣ፣ ከደረት መጨነቅ ወይም ከላብ ጋር የሚነሳ የመንጋጋ ሕመም የልብ ሊሆን ይችላልና ቶሎ ድረሱበት። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰውም ሲያኝክ መንጋጋው እየዛለ አዲስ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከጀመረው ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂድ።

ሥራ መልቀቁን ተመኝተሻል፤ አይፈረድብሽም። ደብረ ብርሃን ላይ መንጋጋሽ የነገረሽ ነገር አለ። ግን የሰለቸሽ ሥራው ራሱ ነው ወይስ ጥቅምት ላይ ትከሻሽ ላይ የተጫነው ሁለተኛው ወንበር? ዘጠኝ ዓመት የሠራሽበት ቦታ ነው፤ ሕመሙ ግን ገና ዓመት አልሞላውም። ከመልቀቅሽ በፊት አንድ ጊዜ ተናገሪ። አለቃሽ እንደምትችዪ እንጂ እንደሚያምሽ አያውቅም፤ አልነገርሽውማ። ከጥቅምት ወዲህ የወሰድሽውን ሥራ በአንድ ገጽ ዘርዝሪና ሰኔ መዝጊያው ሳያጣድፋችሁ ይዘሽው ግቢ። «ሥራውን እወደዋለሁ፤ ከጥቅምት ጀምሮ የሁለት ሰው እየሠራሁ ጤናዬ ተነክቷል። ሰው እስኪቀጠር ከእነዚህ ሁለቱን ማን ይያዝልኝ? ማታም ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለውን ለጠዋት ብናደርገው» በዪው። ማልቀስም መቆጣትም አያስፈልግም።

ሕጉም ከጎንሽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይዘል ይደነግጋል፤ ትርፍ ሰዓትም በጭማሪ ይከፈላል። በሐኪም የተረጋገጠ ሕመም ሲኖር የሕመም ፈቃድ አለ፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ ነው። አዋጁን አለቃሽ ፊት እንድትዘረጊው አይደለም፤ የምትጠይቂው ምጽዋት እንዳልሆነ ልብሽ እንዲያውቅ ነው። ተናግረሽ፣ ሁለት ወር ጠብቀሽ ምንም ካልተለወጠ ያን ጊዜ ሌላ ሥራ እየፈለግሽ መልቀቁን ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስቡበት፤ ያጠራቀማችሁት ገንዘብ በክራውን ካልወጣ ለዚያ ጊዜ መቆሚያ ይሆናችኋል።

ባለቤትሽ ሶፋ ላይ የተኛው ስለጠላሽ አይደለም፤ «ውስጥሽ ያለውን ንገሪኝ» የሚል ሰው በሩን አልዘጋም። ይህን ደብዳቤ ለእኔ እንደጻፍሽው ለእሱ አንብቢለት። ሌላ ቃል መፈለግ አያስፈልግሽም። ከዚያ አንድ ሥራ ስጪው፦ ከማታ ሁለት ሰዓት በኋላ ስልክሽን ተቀብሎ ሳሎን እሱ ያስቀምጠው። ስታንኮራፊ ወይም ትንፋሽሽ ቆም ሲል ሰምቶ እንደሆነም ጠይቂው፤ ካለ ለሐኪሙ ይነገር፤ የእንቅልፍ ትንፋሽ ችግር አንዳንዴ ከማፋጨት ጋር አብሮ ይገኛል።

አማትሽን ደግሞ በስልክ አይደለም፤ ሄደሽ ነው የምታነጋግሪያቸው። ቅዳሜ ቡና ገዝተሽ ባለቤትሽን ሳታስቀድሚ ብቻሽን ግቢ። በልጃቸው በኩል ቢሰሙት ማስታረቂያ ይመስላቸዋል፤ ካንቺ አፍ ሲሰሙት ግን ልጃቸው መታመሟን ነው የሚሰሙት። «እማማ፣ የፋሲካ ዕለት ያዞርኩት ፊት ሕመም ነበር። መንጋጋዬ አልከፈት እያለኝ ነው፤ ሰው ፊት መናገር አፍሬ ነው» በያቸው። ጣታቸውን ይዘሽ ከጆሮሽ ፊት አድርጊና አፍሽን ክፈቺ፤ «ቋ» ሲል ራሳቸው ይስሙት። ከዚያ «ትንሽዬ አድርገው ያጉርሱኝ» ብለሽ ለምኛቸው። ቂማቸው ከዚያ ጉርሻ በኋላ የሚቆይ አይመስለኝም።

ሐኪም አይተሽ፣ አለቃሽን አነጋግረሽ፣ ቀይ ወረቀትሽን ለጥፈሽ አንድ ወር ሲሆንሽ ጻፊልኝ። ስንት ጣት እንደገባ ንገሪኝ፤ አማትሽ ምን እንዳሉም።